ሞተሩ የሄደ፣ ድምፁ የቀረ ወፍጮ

ጥርጣሬ እኔ ዘንድ ጠባይ ሳይሆን ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም እንጂ። ባለቤቴ ከገበያ እንቁላል ገዝታ ስትመጣ ሳህን ውሃ ሞልቼ አንድ በአንድ እነክራለሁ። አንዱ ከተንሳፈፈ እንቁላሉን ብቻ ሳይሆን ሻጩን፣ የሻጩን ሰፈር፣ አንዳንዴም ይቅር ይበለኝና ባለቤቴን ጭምር እጠረጥራለሁ። ሐኪም መርምሮ «ምንም የለብህም» ያለኝ ጊዜ፣ ምን አይቶ ነው የደበቀኝ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስገላበጥ ከረምኩ። አትሳቁ። እናንተስ ብትሆኑ ስልካችሁ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተሸላሚ ሆነዋል» የሚል መልእክት ሲገባ መጀመሪያ የምትዳብሱት ኪሳችሁን አይደል?

ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግን «ማበረታቻ» የሚባለውን ነገር ነው። እስቲ አስቡት፤ ማር ላሱ ብሎ ማበረታቻ የሰጣችሁ አለ? ለሠርግ ቤት ሥጋ ማበረታቻ ተደርጎ ያውቃል? ማበረታቻ የሚመጣው ሰው በፈቃዱ እሺ ከማይለው ነገር ጋር ነው። ስለዚህ «ከቀረጥ ነፃ»፣ «በረጅም ጊዜ ብድር»፣ «ለቀዳሚዎች ቅድሚያ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ እኔ ወረቀቱን አላነብም፤ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ቅድመ ሁኔታው ሁልጊዜ ጀርባው ላይ ነው፣ ያውም በደቃቅ ፊደል።

የምኖረው ጭሮ ነው። ድሮ አሰበ ተፈሪ ሲሏት የነበረችው ከተማ፣ ዛሬም የሚሏት አሉ። ወሎዬ ነኝ፤ የመብራት አስተማሪ ሆኜ ለሁለት ዓመት ተመድቤ መጣሁና ሁለቱ ዓመት ሳያልቅልኝ ልጆቼ ከእኔ የተሻለ ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረምሶች ሆኑ። ጭሮ ኖሮ ማደያ ደጅ ያልተሰለፈ ሰው ጭሮ ኖሬያለሁ ባይል ይሻለዋል። ናፍጣ መጣ ሲባል ቢጫው ጀሪካን ከማደያው በር ተነስቶ፣ በባንኩ ዞሮ፣ መስጊዱን አልፎ ይሰለፋል። ሰዎቹ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ጀሪካኖቹ ፀሐይ ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ። ለመኪና የሌለው ናፍጣ ለጀሪካን የሚቀዳው ደግሞ ደብዳቤ ላለው ብቻ ነው።

የዚህን ደብዳቤ ነገር ልንገራችሁ። ጫት የሚያጠጣ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ካለው፣ ወይም ሰው ወፍጮ ቤት ካለው፣ «ሞተር ያለው መሆኑ ታውቆ ነዳጅ ይቀዳለት» የሚል ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ከመሬቱ ደብተር ጋር ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ናፍጣው ቢጠፋም ደብዳቤው አለ። ደብዳቤ ያለው ሰው መንግሥት የሚያውቀው ሰው ነው፤ ልጁን ለመዳርም ያግዘዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ለዚህ ሰው «ደብዳቤህን መልስ፣ ሞተርህን አስረክብ፣ በምትኩ ፀሐይ እንሰጥሃለን» በሉት። ፀሐይ ደብዳቤ አትጠይቅም፤ ለሁሉም በነፃ ትወጣለች። በነፃ የሚወጣን ነገር ማን ያምናል?

ሰው ሶላር የማይወስደው ስላልገባው ነው ይላሉ የሥልጠና ሰዎች። በደንብ ገብቶታል እንጂ። ደብዳቤ አንዴ ከመለስክ ተመልሶ እንደማይሰጥ ያውቃል። ሶላሩ ቢበላሽ ጠጋኙ አዲስ አበባ እንደሆነ፣ ናፍጣ ሞተር ቢበላሽ ግን እዚሁ ቅርብ በደሳ ከተማ ሦስት መካኒክ እንዳለ ያውቃል። ሌላም ነገር አለ፣ በመሃላችን ይቅርና፤ ሕዝቡን «ናፍጣ ተዉ፣ ሶላር ውሰዱ» ብሎ የማሳመን ሥራ የተሰጠው የናፍጣውን ደብዳቤ ለሚፈርመው ሰው ነው። ማህተም የያዘ ሰው ማህተሙን የማይፈልግ ሕዝብ እንዲበዛለት ይተጋል? እስቲ ፍረዱኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አንዲት ሴት ወሰደች። ወይዘሮ አሰለፈች።

ወይዘሮ አሰለፈች የበደሳ ልጅ ናቸው። ከበደሳ ወጣ ብሎ ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ዳገት ላይ ወፍጮ አላቸው። በዚያ ዳገት የመብራት ሽቦ በላይ በላይ ያልፋል፤ ወርዶ ሰላም አይልም። ስለዚህ ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነበር፤ ባላቸው ተክለው፣ ባላቸው ሲያስነሱት ኖረው፣ ባላቸው ሲሞቱ እሳቸው ማስነሳት ተምረው። ልጅ የላቸውም። ያ ወፍጮ ከቆመ የሚቀራቸው የቡና ዛፍ ያለበት ጓሮና የሰው ፊት ማየት ነው፤ የሰው ፊት ማየት ደግሞ አይሆንላቸውም።

የገጠር ወፍጮ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የናፍጣ ወፍጮ ይፈጫል ብቻ ሳይሆን ይጣራል። ባለቤቶቹ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቆርቆሮ ይገጥሙለትና «ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ» እያለ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። የእያንዳንዱ ወፍጮ ቆርቆሮ የራሱ ዜማ አለው። ማዶ ያለች ሴት በቆሎዋን ወይም ማሽላዋን አሰናድታ ጆሮዋን ትጥላለች፤ «የአሰሉ ተነሳ» ስትል ትሸከማለች። ድምፅ ከሌለ ናፍጣ የለም፤ ናፍጣ ከሌለ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ የምትደክምበት ምክንያት የላትም። ማንም ስልክ አይደውልም፣ ማንም መልእክተኛ አይልክም። ቆርቆሮው ይበቃል።

የሶላር ማበረታቻው ሲመጣ ወይዘሮ አሰለፈች ናፍጣ ፍለጋ ጭሮ መመላለስ ሰልችቷቸው ነበርና የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆኑ። የሶላር ወፍጮ ከቀረጥ ነፃ መጣላቸው፣ ሰሌዳው ጣሪያቸው ላይ ተደረደረ፣ ሪባን ተቆረጠ። ጀርባው ላይ ባለው ደቃቅ ፊደል መሠረት ደግሞ ናፍጣ ሞተሩ ተነቅሎ መኪና ላይ ተጫነ፣ ደብዳቤውም ተመለሰ። ፎቶ አንሺው «አሁን ፈገግ ይበሉ» ብሎ አነሳቸው። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ፈገግ አላሉም።

ጥቂት ወራት አለፉና ጥቆማ መጣ። «አሰለፈች የተባለችው ግለሰብ ሶላሩን ከወሰደች በኋላ በድብቅ ናፍጣ ሞተር ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፁ በየማለዳው ይሰማል» ይላል። ማን እንደጠቆመ የለበትም። ጠቋሚ ስም የለውም፣ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

አገራችን ጥቆማ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ኮሚቴ ታቋቁማለች። ሰብሳቢው የናፍጣ ደብዳቤ ፈራሚው አቶ ታደሰ ሆኑ፤ እኔ የመብራት ባለሙያ ነው ተብዬ ገባሁ፤ ሦስተኛው አባል በመውጫው ዕለት ታሞ ቀረ፤ ውሎ አበሉ ላይ ግን ደህና ነበር። ቅጣቱ ግልጽ ነው፦ ሞተር ከተገኘ ሶላሩ ተነቅሎ ተራ ለሚጠብቅ ለአንድ የቦኬ ወረዳ ሰው ይሰጣል። ወይዘሮ አሰለፈች ሞተራቸውም ሄዷል፣ ደብዳቤያቸውም ሄዷል፤ ሶላሩ ከሄደ ባዶ ቤት ነው የሚቀራቸው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ገና ጭሮ ሳለሁ ፈርጄባቸው ነበር። እንዴት አልፈርድ? ሶላሩንም ናፍጣውንም የሚፈልግ ሰው አላየሁም እንዴ? በዚያ ላይ አቶ ታደሰ መንገዱን ሙሉ ሲያጫውቱኝ የነበረው ስለ ሌባ ብቻ ነው። አቶ ታደሰ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡበት ሰዓት የተከበረ ስለሆነ፣ ነገሩን ቶሎ ጨርሰን ለምሳ እንመለስ ብለው በጠዋት ነው ያስወጡን። በደሳን አልፈን ያንን የተቦረቦረ መንገድ እየዘለልን ስንወርድ፣ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ።

አቶ ታደሰ ጭኔን በመዳፋቸው መቱኝ። «ሰማህ? ሰማህ አይደል? ሴትዮዋ ደፋር ናት!»

ሰማሁ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። ተጠርጣሪ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ተጠራጣሪ ሰው የሚሰማውን ደስታ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው።

ደረስን። ከማዶ በኩል ሴቶች ጭነታቸውን በጀርባቸውና በአህያ እያደረጉ በቀጭኗ መንገድ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። ወይዘሮ አሰለፈች ዱቄት እንደለበሱ ወጡ። መኪናችንን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያለው ዱቄት ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ ነጭ ብሏል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ» አሉ።

«ገብተናል፤ መምህሩ የመብራት ባለሙያ ነው» አሉ አቶ ታደሰ፤ «ሞተሩ የታለ?»

«እናንተ ዘንድ ነዋ! ጭሮ። መኪና ላይ ስትጭኑት አብራችሁኝ ፎቶ ተነስታችሁ የለ?»

«ይህ ታዲያ የምን ድምፅ ነው?»

ወይዘሮ አሰለፈች ዱቄቱን ከቀሚሳቸው ማራገፍ ጀመሩ። ድምፁም ቀጠለ።

ሞተር ቤቱ ከመፍጫው ክፍል ጀርባ በግድግዳ የተከለለ ነው፤ ድሮ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ ወፍጮውን ያዞር ነበር። አቶ ታደሰ በሩን በርግደው ገቡ። ሞተሩ ተተክሎበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ አራት ብሎን ቆሟል፣ ሌላ የለም። የጭስ ማውጫውን ቱቦ በእጃቸው ያዙት። ቀዝቃዛ ነው። የሸረሪት ድር ይዞ ተመለሰ እጃቸው። ጆንያ አስነሱ፣ ሸራ ገለጡ፣ ከቡናው ሥር ያለውን የኩበት ክምር በእንጨት ወጉ። ድምፁ ከላይ ነው፣ ከታች ነው፣ ከሁሉም በኩል ነው። «ቀብራዋለች!» አሉኝ በሹክሹክታ፤ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚቀበር የመብራት ባለሙያው እንድነግራቸው እየጠበቁ።

እኔ ደግሞ ጆሮዬ አንድ ነገር ያዘ። በድምፁ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ። ዶሮ ቢጮህ ምን ይገርማል፣ ገጠር ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ፤ ያው ዶሮ፣ በዚያው አጯጯህ፣ መጨረሻው ላይ እንደማነቅ ብሎት። ሰዓቴን አየሁና ጠበቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ በልኩ፣ እንደ ወታደር። እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ዶሮ በሕይወቴ አላየሁም። ቀና ስል ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ከሶላሩ ሰሌዳ ሥር፣ ሎተሪ አዟሪዎች መኪናቸው ላይ የሚያስሩት ዓይነት ጡሩንባ መሳይ ድምፅ ማጉያ ታስሯል፤ አፉ ወደ ማዶ።

«ወይዘሮ አሰለፈች» አልኩ፤ «ይህ ቅጂ ነው?»

እሳቸውም ያኔ ቁጭ አሉ፣ ደጃፉ ላይ፣ ከነዱቄታቸው። ሞተሩ ሊነቀል ሲል፣ በዋዜማው፣ በስልካቸው ድምፁን ቀድተውት ኖሯል፤ ዶሮውም አብሮ ገብቶበት። ለምን ብላቸው፣ «ባሌ ሲሞት እንኳ ሞተሩ ነበር የሚያጫውተኝ፤ እሱም ሊሄድብኝ ነዋ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሶላሩ ሥራ ሲጀምር ወፍጮው ዝንብ ያህል እንኳ አልጮኸም። ማንም አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። ማዶ ያሉት ሴቶች «አሰሉ ናፍጣ አጣች» ብለው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ በደሳ ድረስ መውጣት ጀመሩ። በአጋጣሚ የመጡት ጥቂቶችም ዱቄቱን በእጃቸው ይዘው ፊታቸውን አጨፈገጉ። የናፍጣው ዱቄት ትኩስ ነበር፣ እጅ ያቃጥል ነበር፤ ይህኛው ቀዝቃዛ ነው። «ያልነቃ ዱቄት ነው፣ ገንፎው አያጠግብም» ተባለ። በአንድ ወር ውስጥ ወሬው ሸለቆውን ሞላው።

«ታዲያ አንድ ቀን ናፈቀኝና ድምፁን ከፈትኩት» አሉ። «ለራሴ ነው የከፈትኩት፣ እመብርሃንን! ወዲያው ሰው መጣ። ‹አሰሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሞተርሽ ተመለሰልሽ› አሉኝ። ተመልሷል አላልኩም። አልተመለሰምም አላልኩም። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ገዛሁ። ዱቄቱንም ‹አሁን ገና ዱቄት ሆነ› አሉልኝ። ያው ዱቄት ነው፣ መምህር። ያው ሶላር ነው።»

ፀሐይ የናፍጣ ሞተር ድምፅ እያሰማች የፀሐይ ወፍጮ ታስፈጫለች። ሃያ ዓመት መብራት ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም። እኔ አምኛቸዋለሁ፤ ዶሮው መስክሮላቸዋል። አቶ ታደሰ ግን ያለ ሙከራ አይሆንም አሉ። «ሞተሩ ሌላ ቦታ ቢኖርስ? ድምፅ ማጉያው መሸፈኛ ቢሆንስ? አጥፊው፤ ከዚያ የሚቀር ድምፅ ካለ እንሰማለን!»

«አቶ ታደሰ፣ በእግዚአብሔር፣ አሁን አይሁን። ሰው እየመጣ ነው።»

«አጥፊው አልኩ!»

አጠፉት። ሸለቆው ጭር አለ። ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው «ዝዝ» እያለ ይፈጫል፣ ሌላ ምንም የለም። አቶ ታደሰ ጆሯቸውን ቀስረው ቆዩ፤ እኔ ግን ዓይኔን ወደ ማዶ ጣልኩ። በቀጭኗ መንገድ የሚወጡት ሴቶች ቆሙ። ፊተኛዋ ቀና አለች። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አህያቸውን አዞሩ። ሰልፉ ከነጭነቱ ወደ መጣበት ቁልቁል ተመለሰ። ወይዘሮ አሰለፈች ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«አየህ? አየህ መምህር? እንዲህ ነው ወሩን ሙሉ የሆንኩት!»

አንዲት ብቻ አልተመለሰችም፤ ስለደረሰች። አዴ ፋጡማ ይሏታል፣ ወይዘሮ ፋጡማ እንደማለት ነው፤ የማዶው ሰፈር ሴቶች አፏን የሚጠብቁላት፣ ብትመርቅ የምታስመርቅ ብትረግም የምታስረግም ሴት። ጆንያዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ከደጅ ቆማ «ማል ተኤ? ምን ሆነ፣ አሰሉ? ናፍጣ አለቀ?» አለች።

እዚህ ላይ ነው እኔ ያጠፋሁት። ሴትዮዋን ነፃ ላወጣ ነው፤ ደግሞም አስተማሪ ነኝ፣ ሰው ሳይገባው ሲቀር ዝም ማለት አልችልም። በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛዬ፣ ስትጎድለኝ በአማርኛ እየሞላሁ፣ ሁሉን ዘረዘርኩላት። ሞተር የለም። ናፍጣ የለም። ይህ ቅጂ ነው፣ ዶሮው እንኳ ቅጂ ነው። ሲፈጭላችሁ የከረመው «አዱ» ነው፣ ፀሐይ! አልኳትና ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ለአቶ ታደሰም ደግሜ፣ «እንግዲህ ምስክር ፊት ተረጋግጧል፤ ወይዘሮ አሰለፈች ንጹሕ ናቸው» አልኩ። በራሴ ኮራሁ።

አዴ ፋጡማ ጆንያዋን ቀስ ብላ አወረደች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ዱጋ?» አለች፤ እውነት ነው? ወይዘሮ አሰለፈች አንገታቸውን ደፉ። «አራት ወር? አራት ወር ያን ያልነቃ ዱቄት አበላሽን? ልጆቼን? አማቴን? እኔ ለሰው ሁሉ ‹የአሰሉ ሞተር መጣ፣ ዱቄቱ ድሮ እንደነበረው ነው› ብዬ መሰከርኩልሽ እኮ! ያ ረቢ!»

ገባችሁ? በመንግሥት ፊት ንጹሕ ያደረግኋቸው ቃል በማዶ ፊት ወንጀለኛ አደረጋቸው። ሞተር ደብቀው ቢገኙ ሶላሩን የሚያጡት በእኛ እጅ ነበር፤ ሞተር ባለመደበቃቸው ደግሞ ፈላጊያቸውን ሁሉ በአንዲት ሴት አፍ ሊያጡ ነው። ሰሌዳው ጣሪያ ላይ ይቀራል፣ የሚፈጭ ግን አይኖርም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ዝም ባልኩ አልኩ።

አዴ ፋጡማ ወደ አቶ ታደሰ ዞረች። አክብሮት የአማርኛዋ ክፍል አይደለም፤ ሁሉን አንተ ነው የምትለው። «አንተ መንግሥት ነህ?»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ» አሉ አቶ ታደሰ።

«ሞተሯን መልስላት እንግዲያ።»

«አይቻልም። ማበረታቻ ወስዳለች።»

«ሞተር የሚወስድ ማበረታቻ ምን ዓይነት ነው?»

እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ካጋጠማችሁ አድራሻውን ላኩልኝ።

አዴ ፋጡማ ገብታ ከመፍጫው አፍ አንድ እፍኝ ዱቄት ያዘች። አሸተተች። ቀመሰች። በጣቷ አሸች። ወደ ጆንያዋ አየች፤ የመጣችበትን ቁልቁለትና ዳገት አየች፤ ወደ በደሳ የሚወስደውን ሌላውን ዳገት አየች። ይህቺ ሴት ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ መሆኗን ያኔ ገባኝ፤ እኔ የምጠረጥረው አፌን እስኪደክመኝ ነው፣ እሷ ግን እግሯንም ታማክራለች።

«ፍጪው» አለች በመጨረሻ። «ግን ድምፁን ክፈቺው።»

«እንዴ!» አልኩ፤ «አሁን እውነቱን አውቀሻል እኮ፤ ድምፁ ምን ያደርግልሻል?»

«እኔ አውቄያለሁ። አማቴ አላወቀችም። ቤት ቁጭ ብላ እየሰማች ነው። ሞተር ሳይጮህ ዱቄት ይዤ ብገባ ከየት አመጣሽው ትለኛለች። አንተ አማቴን አታውቃትም።» ከዚያ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ለማዶዎቹ እኔ አልናገርም። ገንፎው አላጠገበኝም ብዬ አላውቅም፤ ወላሂ፣ ደህና አድርጎ ያጠግባል። ግን አንቺ ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።»

ወይዘሮ አሰለፈች እንባቸውን በዱቄት እጃቸው ጠረጉና ፊታቸው ሊጥ ሆነ። ድምፁን ከፈቱት። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። ከታች ወንዙ ዘንድ የደረሱት ሴቶች ቀና አሉ፤ አህዮቹን እንደገና አዞሩ። አህዮቹ ስለ ነገሩ ምን እንዳሰቡ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን መኪና ውስጥ አቶ ታደሰ ጻፉት። «ሞተር አልተገኘም። ድምፅ ተገኝቷል። ድምፁ ነዳጅ የማይጠቀም በመሆኑ እንዲቀጥል ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ታሞ የቀረውም አባል ፈረመ። እኔም ፈረምኩ፤ ከስሜ ሥር «የመብራት ባለሙያ፣ ያረጋገጠ» የሚል አለበት። መኪናው ከመነሳቱ በፊት አቶ ታደሰ ተመልሰው ወረዱና ስልካቸውን ለወይዘሮ አሰለፈች ሰጡ፤ ድምፁን በቴሌግራም እንዲልኩላቸው። «ለቦኬው ሰውዬ ይሆነዋል» አሉኝ ሲመለሱ፣ ሳልጠይቃቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ክረምት መጣ።

በሐምሌ መጨረሻ ፈተና ላስፈትን ወደ መቻራ ስሄድ የበደሳ ዳገት ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ ሳምንት አልፎት ነበር። ከወፍጮው ስንደርስ ድምፁ «ቱፍ፣ ቱፍ» ይላል። ፈገግ አልኩ። ሹፌሩን አቁም አልኩት፤ ሰላም ልበላቸው ብዬ ወረድኩ። በዝናቡ ውስጥ ማዳበሪያ ላስቲክ የተከናነቡ ሴቶች ደጁን ሞልተውታል፤ ልጅ ያዘሉ አሉ፣ በቆሎው እንዳይርስ ጆንያው ላይ ነጠላቸውን ደርበው ራሳቸው የሚበሰብሱ አሉ። ጥቂት ተራመድኩና ፈገግታዬ ቆመ። ጉሙ ውስጥ ከቡናው ጀርባ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ናፍጣ ሸተተኝ። ሞተሩን ከየት፣ ናፍጣውንም ያለ ደብዳቤ በማን በኩል እንዳገኙ እስካሁን አላውቅም።

በዚያ ጉም ውስጥ ያ ሰሌዳ አንድ አምፑል እንኳ በቅጡ እንደማያበራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ሞተሩ ይነቀል» የሚለውን ደቃቅ ፊደል የጻፈው ሰው ሐምሌ የሚባል ወር መኖሩን አልሰማም ይሆናል። ኮሚቴው ውስጥ ግን ባለሙያ ተብዬ የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ክረምትስ ምን ይውጣቸዋል ብዬ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አልጠየቅኩም። ሴትዮዋን ስጠረጥር ደመናውን ረሳሁት። አሁን ደግሞ ያ የእኛ ፊርማ ያለበት ቅጂ ለእውነተኛው ሞተር ከለላ ሆኖታል፤ ማን ቢሰማ፣ ማን ቢጠቁም፣ ድምፁ የተፈቀደ ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች በር ላይ ብቅ ብለው አዩኝ። የያዙት ቁና ከእጃቸው ወደቀ። አንድ ቃል ብተነፍስ ያ ሰሌዳ በሳምንቱ ቦኬ ነው፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ የተሰለፉት ሴቶችም ያውቃሉ። ሁሉም አፌን አፌን አዩ።

ከሰልፉ ፊት አዴ ፋጡማ ወጣች። ላስቲኩ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ፈገግ ሳትል፣ ዓይኔን እያየች፣ «መምህር» አለችኝ፤ «ዛሬ ፀሐይዋ በርትታለች።»

ዝናቡ አንገቴ ሥር ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል። ሴቶቹን አየሁ፣ ጆንያዎቹን አየሁ።

«አዎ» አልኳት፤ «ዛሬስ በጣም በርትታለች።» ኮቴን ጭንቅላቴ ላይ ጎትቼ ወደ መኪናው ሮጥኩ።